የግሱ ባለቤት

መጋቢት 3

ጋሼ፣

እንደምን ሰነበቱልኝ? እትዬስ? ወገቧን ተሻላት? ልጄን አንገቷ ሥር ሳሙልኝ። ትልቅ ሆኛለሁ ብላ እምቢ ካለች እትዬ ታግዝዎት።

ስልክ ለምን እንደማላነሳ ጠይቀዋል። ስልኬ ተበላሽቶ አይደለም። እርስዎ በስልክ ድምፅ ብቻ ሰው ቁርሱን መብላት አለመብላቱን የሚያውቁ ሰው ስለሆኑ ፈርቼ ነው። በወረቀት ይሻለኛል። ታላቅ ወንድምም አስተማሪም ለሆነ ሰው መጻፍ ያስፈራል፤ ግን ቢበዛ የሚታረመው ፊደሌ ነው።

ደህና ነኝ። አሁንም ኮሌታ ላይ ነኝ። ቀኑን ሙሉ የሰው አንገት ስሰፋ እውላለሁ፤ ባለ አንገቱን ግን አንድም ቀን አይቼው አላውቅም።

የጻፍኩት ለአንድ ጉዳይ ነው። የአንድ እንግሊዝኛ ቃል ፍቺና አገባብ እንዲያስረዱኝ ፈልጌ ነው። ቃሉ «ሂዩሚሊየት» ይላል። ለእኔ አይደለም፤ በፋብሪካችን በእኛ መስመር ለምትሰፋ አንዲት ሴት ነው። ከሦስት ሳምንት በፊት ሠላሳ ስምንት ሸሚዝ ላይ ኮሌታውን ገልብጣ ሰፋች። ተቆጣጣሪው የምሳ ደወል ሊደወል ሲል መጥቶ አየ። መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ አስወጣትና ሸሚዞቹን አንድ በአንድ አንገቷ ላይ እየደረበ ጮክ ብላ እንድትቆጥር አዘዛት። ሰው ስቆ ድምጿ ሲዋጥ «አልሰማሁም፤ ከአንድ ጀምሪ» ይላታል። የምሳ ሰዓቱ እንደዚያ አለቀ።

የሠራተኛ ማህበራችን ሊቀመንበር ክስ ጻፈላት። የፋብሪካው ባለቤቶች የውጭ ሰዎች ስለሆኑ ወረቀቱ በእንግሊዝኛ ነው፤ ያ ቃል እዚያ ውስጥ አለ። ከዚያ የፋብሪካው ጠበቃ ቢሮው ጠርቶ ሻይ አዘዘላትና «ይህን ቃል አውጥተሽ 'ኢምባረስድ' የሚለውን አስገቢ። ያው ነው፤ ሁለቱም ማፈር ነው። ዛሬውኑ ታርቀን እንጨርሳለን፤ ሥራሽም አይነካም» አላት።

ያው ነው እንዴ ጋሼ? መልሱ ቶሎ ያስፈልጋታል።

እህትዎ

—

መጋቢት 14

ለሚጣዬ፣

ደብዳቤሽ ሐሙስ ደረሰኝ። ሦስት ቦታ ነጥብ ረስተሻል፣ አንድ ቦታ ሁለቱን «ሀ» አምታተሻል። ይቅር ብዬሻለሁ። እትዬሽ ወገቧን ሻል ብሏታል፤ ምላሷ ግን ያው ነው።

ጥያቄሽ ደስ አሰኝቶኛል። በሃያ ስድስት ዓመት አስተማሪነቴ አንድ ተማሪ ስለ አንድ ቃል ይህን ያህል ተጨንቆ ጠይቆኝ አያውቅም። ለጓደኛሽ እንዲህ ብለሽ አስረጂያት።

ያው አይደለም። ጠበቃው ወይ እንግሊዝኛ አያውቅም ወይ በደንብ ያውቃል። ሰው ብቻውን ያፍራል። መንገድ ላይ አዳልጦት የወደቀ ሰው ያፍራል፤ ማንም ምንም አላደረገውም። «ሂዩሚሊየት» ግን ተሻጋሪ ግስ ነው፤ ባለቤትም ተሳቢም ይፈልጋል። አንድ አድራጊ አለ፣ አንድ የተደረገበት ሰው አለ፤ ብዙ ጊዜም የሚያይ ሰው አለ። በአማርኛችን «ማዋረድ» ነው። ምንጩ ከላቲን ነው፤ መሬት፣ አፈር ከሚል ቃል። የእኛም ሩቅ አይደለም፤ «ወረደ» ካልሽ በኋላ ነው «አዋረደ» የምትይው። ሰውን ከቆመበት አውርዶ አፈር ማስነካት ነው። ከዚያው ሥር «ሂዩሚሊቲ» የሚል ቃል ይወጣል፤ ትህትና ማለት ነው። ልዩነቱ ራስሽ ዝቅ ማለትሽና ሌላ ሰው ዝቅ ማድረጉ ነው።

ለአገባቡ አንድ ምሳሌ ልስጥሽ። «መምህሩ ልጅቷን በክፍሉ ተማሪ ሁሉ ፊት አዋረዳት።» ባለቤቱ መምህሩ፣ ተሳቢዋ ልጅቷ። አሁን «ልጅቷ ተዋረደች» ብለሽ ገልብጪው፤ መምህሩ ጠፋ። «ልጅቷ አፈረች» ስትይማ ጭራሽ ጥፋቱ የእሷ ሆኖ ቁጭ አለ። ጠበቃው የፈለገው ይህንን ነው።

ልጅሽ ደህና ናት፤ በዚህ ወሰነ ትምህርት ከክፍሏ ሁለተኛ ወጥታለች። በመስከረም ሰባተኛ ስትገባ እኔው ነኝ የማስተምራት። «እናትሽ ሰነፍ ነበረች፣ አንቺ በእኔ ነው የወጣሽው» እላታለሁ፤ ትስቃለች።

ጓደኛሽ ምን ወሰነች? ጻፊልኝ።

ወንድምሽ

—

መጋቢት 29

ጋሼ፣

ቆየሁብዎት፤ ይቅርታ። ደብዳቤዎን በኪሴ ይዤ ስንት ቀን ሠራሁ መሰልዎት። ለሊቀመንበራችንም አነበብኩለት። «ይሄ ሰውዬ ጠበቃ ቢሆን ኖሮ አለቀልን» አለ።

ምን ወሰነች ብለው ጠይቀዋል። ቃሉ እንዳለ ይቆይ ብላለች። ጠበቃው ዘንድ ሄዳ «ያው አይደለም» ስትለው «ማን ነገረሽ?» አላት። «ወንድሜ» አለችው።

ሴትየዋ እኔ ነኝ ጋሼ።

መጀመሪያ ያልነገርኩዎት እርስዎን ላለማስደንገጥ ነው ልል ነበር፤ ግን እሱ አይደለም። ስጽፍ «አንዲት ሴት» ስል እጄ ሄደልኝ፤ «እኔ» ስል ቆመብኝ። ኮሌታውን እንዴት እንደገለበጥኩትም አላውቅም። አሥራ አንድ ዓመት ሰፍቼ እንደዚያ ሆኖብኝ አያውቅም። ቀኑ የልጄ ልደት ነበር፤ ጠዋት ስደውል ትምህርት ቤት ሄዳለች አላችሁኝ። ምናልባት እሱ ይሆናል፤ ምናልባት አይደለም።

«ከቆመበት አውርዶ» ብለው ጽፈዋል። እኔን ግን ወደ ላይ ነው ያወጡኝ። ከዚያ ጠረጴዛ ላይ የሁሉንም ሰው መሃል አናት አየሁ። አብረውኝ ምሳ የሚበሉት ሴቶች ናቸው የሳቁት። ክፉ ሆነው አይደለም፤ እስከሳቁ ድረስ ጠረጴዛው ላይ የወጡት እነሱ አይደሉም፤ ለዚያ ነው። ስንት ቁጥር ላይ እንደደረስኩ ጠፍቶኝ ነበር። ወደ መጨረሻ አካባቢ ግን ማሰብ አቁሜ በደንብ ቆጠርኩ፤ የለመድኩት ነገር ይመስል።

ችሎቱ ግንቦት 6 ነው።

አንድ ነገር ልጠይቅዎት፤ እንዳይቆጡኝ። ያንን የመምህሩን ምሳሌ ሲጽፉልኝ ማንን እያሰቡ ነበር?

ሚጣ

—

ሚያዝያ 24

ለሚጣ፣

ጤና ይስጥሽ። አንቺ መሆንሽን ሳነብ ወረቀቱን ለእትዬሽ ሰጥቻት ደጅ ወጣሁ። እሷ አለቀሰች። ያ ሰውዬ እጁ ይሰበር። እናታችን ያን ሁሉ ተንገላትታ ያሳደገችሽ የሰው መሳቂያ ልትሆኚ አልነበረም። በችሎቱ ቀን ቀና ብለሽ ቁሚ፤ ስትናገሪ አትቸኩዪ።

ስለ ምሳሌው ጠይቀሻል። ከመዝገበ ቃላት ነው የወሰድኩት፤ ካስፈለገ ገጹን እጽፍልሻለሁ። ስንት ሺህ ልጅ አስተምሬያለሁ፤ የእያንዳንዱን ቀን ላስታውስ አልችልም። ስለ ዴስኩ ከሆነ የምትይው ጨርሶ ትዝ አይለኝም። በዚያን ጊዜ ደግሞ ሁላችንም የምናስተምረው እንደዚያ ነበር።

ሰሞኑን የፈተና ወረቀት በዝቶብኝ ነው የዘገየሁት።

ወንድምሽ

—

ግንቦት 19

ጋሼ፣

እኔ ዴስክ አላልኩም።

መጀመሪያ ስለ ችሎቱ የጠየቁኝን ልመልስ፤ በስልክ በልጄ በኩል «እንዴት ሆነች?» ብለው ማስጠየቅዎን ሰምቻለሁ። ጠባብ ክፍል ነው፤ ከኋላ ሁለት አግዳሚ ወንበር አለ። ዳኛዋ ሴት ናት፤ መነጽሯን ግንባሯ ላይ አድርጋ ስታዳምጥ ቆየች። የፋብሪካው ተወካይ የክሱን ወረቀት በእንግሊዝኛ አነበበ፤ አስተርጓሚው ወጣት ነው፣ ይቸኩላል። ያ ቃል ጋ ሲደርስ «ሠራተኛዋ በሰው ፊት አፍራለች» ብሎ ተረጎመው።

እጄን አወጣሁ። ዳኛዋ «ተራሽ ይደርሳል» አለችኝ። አልተቀመጥኩም።

«አፈርኩ አላልኩም» አልኩ። «አዋረደኝ ነው ያልኩት። ያዋረደኝ ደግሞ እሱ ነው።» ተቆጣጣሪው ከፊት ተቀምጧል፤ በጣቴ አሳየሁት።

አስተርጓሚው «ያው ነው እኮ» አለ።

ዳኛዋ መነጽሯን አወረደችና «ያው ቢሆን ኖሮ ሴትየዋ አትነሳም ነበር። እንዳለችው ጻፉት» አለች።

ፈረዱልኝ ጋሼ። ይቅርታ እንዲጠይቀኝና ወደ ሌላ ክፍል እንዲዛወር ተፈረደ። ይቅርታውን የጠየቀኝ ቢሮ ውስጥ ነው፤ በሩን ዘግተው፣ ጠበቃው አጠገቡ ቆሞ። «የተሰማሽ ነገር ካለ አዝናለሁ» አለ። ሁለት መቶ ሰው ፊት ያደረገውን ለአራት ግድግዳ ተናዘዘ። እኔ ፈርሜ ወጣሁ። መስመሩ ላይ ያሉት ሴቶች እስከ ዛሬ ምን እንደተፈረደ አያውቁም። በሳምንቱ ውሌ ሲያልቅ አላደሱትም። አይዘኑ፤ ከአንዲት ጓደኛዬ ጋር መንገድ ዳር ጠባብ ክፍል ተከራይተን ልብስ እያሳጠርንና እያጠበብን ነው። ሥራ አለ።

አሁን ስለ ዴስኩ።

ሰባተኛ ክፍል፣ የእርስዎ ክፍል፣ ሦስተኛው ረድፍ። እናታችን ከሞተች ሁለት ዓመቷ ነበር። «ጮክ ብለሽ አንብቢ» አሉኝ። «አይላንድ» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል፣ የማይነበበውን «ኤስ» አንብቤ፣ «ኢስላንድ» አልኩት። ክፍሉ ሳቀ። እርስዎ ዴስኩ ላይ ውጪ አሉኝ። «በይ እንደ አነበብሽው ንገሪን፤ እንማርበት» አሉ። ስል ልጆቹ ይስቃሉ፤ ደወሉ እስኪደወል አስባሉኝ። ከዚያ ቀን በኋላ ስሜ ኢስላንድ ሆነ። በውሃ መቅጃው፣ በሱቁ፣ በመንገዱ። አንድ ቀን የሱቁ ሴትዮ ሳታውቅ «ኢስላንድ ምን ልስጥሽ?» አለችኝ፤ እውነተኛ ስሜ መስሏት ነው። ያን ሳምንት ትምህርት ቤት መሄድ ተውኩ። እርስዎ «ትምህርት አልገባት አለ» ብለው ለዘመድ ተናገሩ፤ ልብስ ሰፊ ጋ አስገቡኝ። ማታ ቤት ስንገናኝ አንድም ቀን ለምን ብለው አልጠየቁኝም። እኔም አልነገርኩዎትም። አስተማሪው ዴስክ ላይ አውጥቶኛል ብዬ ለወንድሜ እንዳልከስ፣ አስተማሪውም ወንድሜም እርስዎ ነዎት።

እንዳሳደጉኝ አልረሳሁም። የልጄ አባት ሲሞት እሷን ተቀብለው እንደ ልጅዎ እንዳሳደጓትም አልረሳሁም። ስለዚህ ነው ሃያ ዓመት ያህል ዝም ያልኩት፤ ውለታ አፍ ይዘጋል።

የምጠይቅዎ አንድ ነገር ብቻ ነው። በመስከረም እርስዎ ክፍል ከመግባቷ በፊት ለልጄ ይንገሯት። እናቷ ሰነፍ እንዳልነበረች ይንገሯት። በሩን ዘግተው አይደለም፤ እትዬ ባለችበት።

ሚጣ

—

ሰኔ 25

ለእህቴ፣

ከወር በላይ አቆየሁሽ። ስድስት ጊዜ ጽፌ ስድስት ጊዜ ቀድጃለሁ። እንግዲህ ይህ ሰባተኛው ነው፤ ነጥቡንም ሆነ ፊደሉን አላረምኩትም።

ዋሽቼሻለሁ። ትዝ ይለኛል። የለበስሽው ሹራብ ሳይቀር ትዝ ይለኛል፤ እናታችን የሠራችልሽ፣ እጅጌው ያጠረው። ለእህቱ ያደላል ይሉኛል ብዬ ስፈራ ነበር የከረምኩት። የዚያን ቀን ሲስቁ፣ ይኸው አላዳላም ልላቸው ፈለግሁ። ከሳቁት ጋር መሆን ከአንቺ ጋር ከመሆን ቀለለኝ። ሌላ ምክንያት የለኝም። ፈልጌ አጣሁ።

ነገሯት ወይ ብለሽ በእትዬሽ በኩል አስጠይቀሻል። ነግሬያታለሁ። ባለፈው እሁድ ምሳ በልተን ነበር። እትዬሽ ሳህን እያነሳች፣ ልጅሽ እኔ የሰጠኋትን መጽሐፍ እያገላበጠች።

«እናትሽ ሰነፍ አልነበረችም» አልኳት።

ቀና አለች። «ታዲያ ለምን ተወች?»

«ያስተውኳት እኔ ነኝ።»

«እንዴት አድርገው?»

ሁሉንም ነገርኳት። እትዬሽ ሳህኖቹን እንደያዘች ቆማ ቀረች፤ ለእሷም አዲስ ነበር። ልጅሽ ሳታቋርጠኝ ሰማችኝ። ስጨርስ «ተማሪዎቹ ሁሉ ሳቁ?» አለችኝ።

«አዎ።»

«እርስዎስ አባባ?»

እዚህ ላይ መዋሸት እችል ነበር። የሚያይ የሚመሰክር ሰው የለም።

«እኔም ስቄያለሁ» አልኳት።

መጽሐፉን ዘጋችው። ከዚያ «እኔም እኮ ስቄባታለሁ» አለች። «'እናትሽ ሰነፍ ነበረች' ባሉኝ ቁጥር ስስቅ ነው የኖርኩት።»

ከዚያ ወዲህ አብራኝ አታነብም። ትታዘዘኛለች፣ ውሃ ታቀርብልኛለች፣ «ደህና አደሩ» ትለኛለች። ወንበሯን ግን ወደ መስኮቱ አዙራዋለች። ትናንት ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ «እማዬ ጋ ሄጄ እዚያ እማራለሁ» አለችኝ። እትዬሽ ልታግባባት ሞከረች። እኔ ተዪያት አልኩ። አስተምራታለሁ ብዬ አንድ መደርደሪያ መጽሐፍ ሰብስቤላት ነበር። ካርቶን ውስጥ እያስገባሁት ነው፤ አብሯት ይመጣል። ካልፈለገች ሽጡት።

ሐምሌ 2 ከሰዓት በኋላ አውቶቡስ ተራው ጋ ጠብቂያት። አረንጓዴ ጃኬት ትለብሳለች። አሁን ከአንቺ ትረዝማለች፤ እንዳትደነግጪ።

ይቅር በይኝ ብዬ ለመጻፍ ብዙ አስቤያለሁ። የጠየቅሽኝ እሱን አይደለም። ስለዚህ አልጠይቅሽም፤ እንድታውቂልኝ ብቻ ነው።

ወንድምሽ

—

ሐምሌ 9

ጋሼ፣

ደርሳ እንደሆነ ጠይቀዋል። ደርሳለች። አንድ ካርቶን መጽሐፍ፣ አንድ ሻንጣ፣ እትዬ የቋጠረችላት ዳቦ። የመጀመሪያውን ቀን ጨርቅ ስትለቅም ዋለች። ሁለተኛውን ቀን ለደንበኛ የሱሪ ቁመት ስትለካ አየኋት፤ ቁጥሩን አልተሳሳተችም። መጽሐፎቹን ከስፌት መኪናው ጎን ደርድራቸዋለች። እኔም አንዱን ጀምሬያለሁ። ጮክ ብዬ አይደለም፤ በልቤ ነው።

የመጣች ቀን ስታቅፈኝ አላለቀሰችም። ቤት ገብተን ጫማዋን ስታወልቅ ነው ያለቀሰችው። «አላወቅሁም ነበር እማዬ» አለችኝ። እኔም አላውቅም ነበር አልኳት። ምን ማለቴ እንደሆነ እንጃ፤ ግን ተረጋጋች።

ለብቻዬ ነው የመጣሁት ብላኛለች። እርስዎ እንደዚያ በይ ብለዋት እንደሆነ አልጠየቅኋትም። ጋሼ፣ አይቼዎታለሁ። ከአውቶቡሱ ጀርባ ካለው የትኬት መስኮት አጠገብ ነበሩ፤ ካፖርትዎን ክንድዎ ላይ አድርገው። ከስተዋል። ጸጉርዎ ሁሉ ሸብቷል፤ አንድም ደብዳቤዎ ላይ አልነገሩኝም። ልጄን አቅፌ በትከሻዋ ላይ እርስዎን ሳይ ነበር። እርስዎም ያዩኝ ይመስለኛል። የመመለሻው አውቶቡስ ጥሩንባ ነፋ፤ ዞረው ተሳፈሩ።

የሰባት ሰዓት መንገድ መጥተው ውሃ ሳይጠጡ ተመለሱ። እህትዎ ነኝ፤ አሥር እርምጃ ነበር የቀረን።

ልጠራዎት አፌን ከፍቼ ነበር። ያን ጊዜ ግን አውቶቡስ ተራው ሁሉ ዞሮ የሚያየኝ መሰለኝ፤ ድምፄ አልወጣም።

ሚጣ